በድርሃም ልክፈል ወይስ በዶላር? በውጭ አገር በካርድ ስንከፍል ስለሚጨመርብን የምንዛሪ ሒሳብ

የመነሻ ጽሑፍ

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ የማቀርበው ጉዳይ ግን የአክስቴ ነው። አክስቴ ለቤተ ዘመድ ሠርግ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በዱባይ አንድ ቀን አድረው ነበርና፣ ከዴራ የወርቅ ገበያ ለሙሽራዋ አንድ የእጅ አምባር በ2,400 ድርሃም ገዙ። የከፈሉት እዚህ ካለው ባንካቸው በተሰጣቸው ዴቢት ካርድ ነው። ሲመለሱ ከቦርሳቸው የተጣጠፈ ደረሰኝ አውጥተው ሰጡኝ። በደረሰኙ ላይ ከላይ 2,400 ድርሃም፣ ከሥሩ ደግሞ ደመቅ ባለ ጽሕፈት 689 ዶላር ከ66 ሳንቲም ተጽፏል፤ በሁለቱ መካከል በደቀቁ ፊደላት 1 ዶላር በ3.48 ድርሃም እንደ ተመነዘረ ይነበባል።

የድርሃም ዋጋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ ለ1 ዶላር 3.6725 ሆኖ በይፋ የታሰረ ነው። በዚህ ሒሳብ 2,400 ድርሃም 653 ዶላር ከ51 ሳንቲም መሆን ነበረበት። የ36 ዶላር ከ15 ሳንቲም ልዩነት አለ ማለት ነው። በባንኩ የሒሳብ መግለጫ ላይ ደግሞ 20 ዶላር ከ69 ሳንቲም የውጭ አገር ግብይት ክፍያ ተብሎ ተቆርጧል። ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን ከደረሰኙ ግርጌ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለ ካርዱ ምርጫ ተሰጥቶት በዶላር ለመክፈል በፈቃዱ እንደ ተስማማ ይናገራል። አክስቴ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ምርጫ አለ ብሎ የነገራቸውም የለም። ሻጩ አንድ ቁልፍ ተጭኖ፣ የምስጢር ቁጥራቸውን እንዲያስገቡ ማሽኑን አቀበላቸው፤ እሳቸው የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ይህ አሠራር ምን ይባላል? እንዴት ይቀራል? የተወሰደውንስ ማስመለስ ይቻላል? ዘግይተው ለሚመጡ አንባብያን እንዲመች፣ የተሰጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአቸዋለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያውን ምላሽ የሰጡት በሜሪላንድ በአንድ ባንክ ውስጥ የሚሠሩ ሴት ናቸው። አሠራሩ ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን፣ በምሕጻሩ ዲሲሲ እንደሚባል ነገሩኝ። ማሽኑ የካርዱን የመጀመሪያ አኃዞች አይቶ ካርዱ የወጣበትን አገር ይለያል፤ ከዚያም የዕቃውን ዋጋ እዚያው ሱቁ ውስጥ ወደ ባለ ካርዱ አገር ገንዘብ ይለውጠዋል። ተመኑን የሚያወጣው ቪዛም፣ ማስተርካርድም፣ ካርዱን የሰጠው ባንክም አይደለም፤ የሱቁን የካርድ ክፍያ የሚያስተናግደው ድርጅት ነው። በተመኑ ላይ የተጨመረውን ትርፍም ይህ ድርጅት ከሱቁ ጋር ይካፈለዋል። አክስቴ በድርሃም ከፍለው ቢሆን ኖሮ፣ ልወጣውን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በዕለቱ ተመኑ ይሠራው ነበር፤ ይህም ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ተመን ብዙ የማይርቅ ነው። ስለዚህ ምክራቸው አንድ ነበር፦ ማሽኑም ሆነ ሻጩ በየትኛው ገንዘብ ልቁረጥ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁልጊዜ ዕቃው የተሸጠበትን አገር ገንዘብ መምረጥ።

ምላሽ 2

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ በዱባይ በአንድ የሽቶና የልብስ መደብር ለስድስት ዓመት በገንዘብ ተቀባይነት የሠሩ እኅታችን ናቸው። ነገሩን ከባንኮኒው በስተኋላ ሆነው አሳዩን። ካርዱ እንደ ገባ በማሽኑ መስኮት ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ በአንደኛው ድርሃሙ፣ በሌላው የእንግዳው አገር ገንዘብ ይታያል፤ በየመስመሩ ጎን የሚጫኑት ቁልፍ ይጠቆማል። በደንቡ መሠረት በዚህ ጊዜ ማሽኑ ወደ ገዢው መዞር፣ ምርጫውንም ገዢው ራሱ መጫን አለበት። ነገር ግን ሰልፉ ሲረዝም፣ ገዢው ሕፃን ታቅፎ ወይም ስልክ ይዞ ሲቆም፣ ሻጩ ራሱ ይጫንና ማሽኑን ለምስጢር ቁጥሩ ብቻ ያቀብላል። በእሳቸው መደብር ኃላፊው በየወሩ መጨረሻ ስንት ሽያጭ በዲሲሲ እንዳለፈ የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ቁጥሩ ያነሰበት ሠራተኛም ምክንያቱን ይጠየቅ ነበር።

እኅታችን በግልጽ እንደ ጻፉት፣ በመጀመሪያው ዓመት እሳቸውም የታዘዙትን ሲጫኑ ኖረዋል። አንድ ቀን ነጠላ የለበሱ የአገራቸው እናት፣ ሒሳቡ ለምን ከፍ እንዳለ ሊጠይቁ ደረሰኙን ይዘው ሲመለሱ፣ ሽያጩን ሰርዘው በድርሃም እንደ ገና ቆረጡላቸው። ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ፊት ባዩ ቁጥር አስቀድመው በአማርኛ ይጠይቁ ነበር። ለአክስቴም የሚሆን ዘዴ ሰጡኝ፦ ድርሃም በማሽኑ መስኮት ላይ በሦስት የላቲን ፊደላት ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ፊደል እንደ ጎጆ ጣሪያ ሹል ሆኖ መካከሉ ላይ ማገር የገባበት ነው። ዶላር ሲሆን ግን የመጀመሪያው ፊደል አፉን ወደ ላይ እንደ ከፈተ ማሰሮ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ጎጆውን ለይቶ ቢጫን ይበቃዋል።

ምላሽ 3

ሒሳብ ሠራተኛ የሆኑ አንድ አባል በትሕትና፣ ነገር ግን በጥብቅ አረሙኝ። በመነሻው ጽሑፌ 36 ዶላሩንና 20 ዶላሩን የአንድ ወገን ሥራ አድርጌ አይቻቸው ነበር። 20 ዶላር ከ69 ሳንቲሙ የባንኩ የራሱ የውጭ አገር ግብይት ክፍያ ነው፤ ከ689 ዶላር ከ66 ሳንቲም ላይ 3 በመቶ ሲወሰድ በትክክል ይህን ይሰጣል። ሒሳቡ በዶላር ተቆርጦ ሳለ ባንኩ ይህን ክፍያ ስለ ምን እንዳስከፈለ ላልገባን ደግሞ፣ ብዙ የአሜሪካ ባንኮች ክፍያውን የሚያስቡት በገንዘቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሻጩ ያለበትን አገር አይተው ጭምር መሆኑን አስረዱን። ስለዚህ በዶላር መክፈል ከባንኩ ክፍያ ያድናል የሚለው ተስፋ ለብዙዎቻችን አይሠራም፤ እንዲያውም የባንኩ 3 በመቶ በጨመረው ሒሳብ ላይ ይታሰባል። አክስቴ በድርሃም ከፍለው ቢሆን የባንኩን ክፍያ ጨምሮ የሚወጣባቸው ወደ 673 ዶላር ገደማ ነበር፤ የወጣባቸው ግን 710 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነው። የቪዛና የማስተርካርድ የዕለት ተመን በትክክል 3.6725 ላይ እንደማያርፍ፣ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል፣ ሁለቱም የዕለት ተመናቸውን በድረ ገጻቸው ስለሚያወጡ ማንም ሰው ሊያመሳክር እንደሚችል አከሉልን። እርማቱን ተቀብያለሁ።

ምላሽ 4

በአጭሩ የውጭ አገር ግብይት ክፍያ የሌላቸው ካርዶች መኖራቸውን፣ ከጉዞ በፊት ባንክን መጠየቅ እንደሚገባ የሚያስታውስ ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን የዲሲሲውን ጭማሪ እንዲህ ያለ ካርድም አያስቀረውም።

ምላሽ 5

ከዚህ በኋላ የውይይቱ መልክ ተለወጠ። ለሥራ ብዙ አገር የሚዞሩ አንድ ሰው፣ ሁላችንም ነገሩን እንዳጋነንነው ጻፉ። እንደ እሳቸው አባባል፣ በራስ አገር ገንዘብ መክፈል ስንት እንደሚወጣ እዚያው በቁርጥ ያሳውቃል፤ መሥሪያ ቤት ወጪ ሲተካም ደረሰኙ በዶላር መሆኑ ክርክር ያስቀራል፤ የምንዛሪ ተመኑ በደረሰኙ ላይ ከታተመ ደግሞ የተደበቀ ነገር የለም። እስከዚህ ድረስ አስተያየታቸው የሚከበር ነው። በመጨረሻ ግን የማያነቡትን ወረቀት የሚፈርሙ ሰዎች ኪሳራውን ራሳቸው እንዳመጡት አድርገው ደመደሙ።

ምላሽ 6

የሐረር ተወላጅ መሆናቸውን የጠቀሱ፣ በዴንቨር ታክሲ የሚነዱ ሰው ለዚህ መልስ ሲሰጡ፣ እስከዚያ ድረስ በመድረኩ የቆየው አንቱታ በአንተ ተለወጠ። ለልጅ ልጆቿ ስትል በስተርጅና ባሕር ማዶ የመጣች እናት የእንግሊዝኛ ደቂቅ ጽሕፈት አላነበበችም ተብሎ እንዴት ትወቀሳለች ብለው ተቆጡ። ከቁጣው ሥር ግን ጠንካራ ነጥብ ነበራቸው፤ ድርሃምን የመሰለ ለዓመታት በዶላር የታሰረ ገንዘብ የመዋዠቅ ሥጋት ስለሌለበት፣ በምላሽ 5 የተወደሰው ቁርጥ ዋጋ ለገዢው የሚያስቀርለት አንዳች አደጋ የለም። የ36 ዶላሩ ጭማሪ፣ ማለትም አምስት ተኩል በመቶ ገደማ፣ የተከፈለው ከሌለ አደጋ ለመዳን ነው። የሳዑዲው ሪያል በ3.75፣ የኳታሩም በ3.64 እንዲሁ ለዶላር የታሰሩ ስለሆኑ፣ በእነዚህ አገሮች ለሚያልፍ ከአሜሪካ ለመጣ መንገደኛ ልዩነቱን በአእምሮ ሒሳብ ማግኘት አይከብድም።

በዚህ ጊዜ እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ በሐሳብ እንድንለያይና ሰውን ከመንካት እንድንታቀብ ለመንሁ። በአክስቴ ላይ የተሰነዘረው ቃል እንዳሳዘነኝም ሳልገልጽ አላለፍሁም።

ምላሽ 7

ከስቶክሆልም የጻፉ አንድ አባል የውይይቱን ክር ወደ ሕጉ አመጡት። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 518ኛው ደንብ፣ ከ2020 ሚያዝያ 19 ጀምሮ ለባለ ካርዱ በራሱ ገንዘብ ልወጣ የሚያቀርብ ሁሉ፣ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት፣ ጭማሪውን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የመጨረሻ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ አድርጎ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለምሳሌ በስዊድን ክሮና የሚሠራ ካርድ ይዞ ዋርሶ ውስጥ በዝሎቲ የሚገዛ ሰው፣ ጭማሪውን በመቶኛ ማየት መብቱ ነው። ቀደም ሲል ተመን ብቻ ይታይ ነበር፤ 3.48 የሚል ቁጥር ብቻውን ለአላፊ ገዢ የሚናገረው ነገር የለም፤ 5.5 በመቶ የሚል ቁጥር ግን ማንንም ያነቃል። ከ2021 ሚያዝያ 19 ወዲህ ደግሞ ካርድ ሰጪ ባንኮች ደንበኛቸው በኅብረቱ ውስጥ በሌላ ገንዘብ ሲከፍል ይህን መረጃ በመልእክት እንዲያደርሱት ታዘዋል።

በአክስቴ ደረሰኝ ላይ ከ3.48 አጠገብ ይህን መሰል መቶኛ ቢኖር ኖሮ፣ አብሯቸው የነበረ ማንኛውም ወጣት ሊያስጠነቅቃቸው ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። እንግዲህ ሕግ ሲወጣ አንድ ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ መወሰኑ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ምላሽ 8

ከእስራኤል የጻፉ ሴት በፕራግ የገጠማቸውን አወጉን። ከኤቲኤም የቼክ ክሩና ሊያወጡ ሲሉ ማሽኑ ሒሳቡን በሼቄል አስልቶ ሁለት ምርጫ አቀረበላቸው፦ ልወጣውን መቀበል ወይም አለመቀበል። መቀበል የሚለው በአረንጓዴ፣ አለመቀበል የሚለው በቀይ ነበር። አለመቀበልን ከተጫኑ ገንዘቡ ጭራሽ የማይወጣ መስሏቸው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ከኋላቸው የቆመው ሰው ሲያጉረመርም በመጨረሻ ቀዩን ተጫኑ። ገንዘቡ ወጣ፤ የተቆረጠባቸውም ማሽኑ ካሳያቸው ያነሰ ሆነ። በዚህ ክር ውስጥ ከተነገሩት ሁሉ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ይመስለኛል፦ ልወጣውን አልቀበልም ማለት ገንዘቡን አልፈልግም ማለት አይደለም። ማሽኑ ለራሱ የሚያስከፍለው የማውጫ ክፍያ ግን ሌላ ነውና፣ እሱን ቀይ ቁልፉ አያስቀረውም።

ምላሽ 9

ለንደን የሚኖሩ ወንድማችን የተለየ ሁኔታ አነሡ። በአንድ ካርድ ብዙ ዓይነት ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሒሳብ አላቸው፤ ለጉዞው ዶላር ገዝተው ሞልተውበት ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ ያለው ማሽን ግን ካርዱ የእንግሊዝ መሆኑን ብቻ አይቶ በፓውንድ ላስከፍል ብሎ ጠየቃቸው። እሺ ብለው ቢሆን፣ የገዙት ዶላር ሳይነካ ከፓውንዳቸው ይቆረጥ ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው ካርዱ የወጣበትን አገር እንጂ በውስጡ ያለውን ገንዘብ እንዳልሆነ በምላሽ 1 የተገለጸውን ይህ ያጠናክራል።

ምላሽ 10 እና 11

እዚህ ላይ ጨዋታው ወደ ብር ዞረ። አንዱ አባል፣ የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ሐምሌ 29 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዲያስፖራው በአዲስ አበባ በካርዱ ለመጠቀም ለምን ይሸሽ እንደ ነበር ሰፊ ሐተታ ጻፉ፤ ተከታያቸውም ስለ ሐዋላ ቀጠሉ። ጉዳዩ ራሱን የቻለ ክር የሚሻ ስለሆነ እዚያ እንዲቀጥሉ ጠየቅኋቸው፤ በቅንነት ተቀበሉኝ። ለዚህ ክር የሚተርፈው ነጥብ አንድ ነው፤ በአገር ቤትም ቢሆን ኤቲኤሙ ወይም የሆቴሉ ማሽን በዶላር ወይስ በብር ብሎ ከጠየቀ፣ መልሱ በብር ነው።

ምላሽ 12

የምላሽ 5 ጸሐፊ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ማስረጃ ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቪዛን 18 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደ ቀጣው፣ ጥፋቱም በ2010 የዲሲሲ አገልግሎት በሱቆች እንዳይስፋፋ በማገዱ እንደ ነበር አስታወሱን። ከዚህ በመነሣት ዲሲሲ ለገዢው አማራጭ የሚጨምር የተፈቀደ ንግድ እንደ ሆነ፣ ካርድ ድርጅቶቹም የሚቃወሙት ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ ሊሆን እንደሚችል ተከራከሩ። ስለ አክስቴ የተናገሩትንም በዚሁ ሰረዙ፤ ይቅርታ ጠየቁኝ። አመሰግናቸዋለሁ።

ምላሽ 13

የሜሪላንዷ የባንክ ሠራተኛ ፍርዱ እውነት መሆኑን ተቀብለው፣ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የመረመረው ውድድር ታግዷል ወይስ አልታገደም የሚለውን እንጂ የዲሲሲ ተመን ለገዢው ይጠቅማል የሚለውን እንዳልሆነ ለዩልን። የካርድ ድርጅቶቹንም ነጻ አላደረጓቸውም፤ ቪዛና ማስተርካርድ ከተለያዩ ባንኮች ጋር፣ የውጭ ምንዛሪ ክፍያን በሚመለከት በአሜሪካ ቀርቦባቸው በነበረ የጋራ ክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 336 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማታቸውን ጠቀሱ። እኔን ያሳመነኝ የመጨረሻው ነጥባቸው ነው። አማራጭ ጥቅም የሚሆነው የሚመርጠው ባለ ገንዘቡ ሲሆን ነው፤ በአክስቴ ጉዳይ የመረጠው ሻጩ ነው፤ የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ ይህን ይከለክላል።

ምላሽ 14

ገንዘቡን ስለ ማስመለስ ዝርዝር ምክር የሰጡት በክፍያ ክርክር ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። ቀላሉ መንገድ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳሉ ነው፤ ደረሰኙ እንደ ወጣ ማየት፣ የራስ አገር ገንዘብ ተጽፎ ከተገኘ ሽያጩ እንዲሰረዝና በአገሩ ገንዘብ እንደ ገና እንዲቆረጥ መጠየቅ። አይቻልም የሚል ሻጭ ካጋጠመ በደረሰኙ ላይ ምርጫ አልተሰጠኝም ብሎ በእጅ ጽፎ ፎቶ ማንሣት። ከሱቁ ከወጡ በኋላ ግን መንገዱ በባንክ በኩል ነው፤ ግብይቱን ጨርሶ አላደረግሁም ማለት ስሕተት ነው፤ ማለት የሚገባው ያለፈቃዴ በሌላ ገንዘብ ተቆረጠብኝ ነው። ቪዛ ለዚህ ትክክል ያልሆነ ገንዘብ የሚል የክርክር ምድብ አለው፤ ቁጥሩም 12.3 ነው። የዕቃው ዋጋ በድርሃም የተጻፈበት የሱቁ ፋክቱር ካለ አብሮ መያያዝ አለበት። በዲሲሲ የተከፈለ ዕቃ ሲመለስም ተመላሹ በሌላ ቀን ተመን ሊሰላ ስለሚችል፣ ሰው የከፈለውን ያህል እንደማያገኝ አስጠነቀቁ።

ምላሽ 15

ስለ ሆቴልና ስለ መኪና ኪራይ የተጻፈ ነበር። በእነዚህ ቦታዎች ስምምነቱ በመግቢያው ቅጽ ውስጥ ሊካተት ስለሚችል፣ ሒሳቡ ሲዘጋ ማንም ላይጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቅጹን ሲፈርሙ በአገሩ ገንዘብ እንዲቆረጥ በቃል ማስታወቅ ይገባል። በኢንተርኔት ግዢም ነገሩ ያው ነው። ፔይፓልን የመሰለ መክፈያ ልወጣውን ራሱ በራሱ ተመን ሊሠራው ይችላል፤ ከመክፈል በፊት ልወጣው በካርድ ሰጪው እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫ ፈልጎ መቀየር ያስፈልጋል።

የእኔ የመጨረሻ ጽሑፍ

በምላሽ 14 በተሰጠው ምክር መሠረት ከአክስቴ ጋር ሆነን ለባንኩ ማመልከቻ አስገብተናል። የወርቅ ቤቱን ፋክቱር በሻንጣቸው ኪስ ውስጥ አገኘነው፤ ዋጋው በድርሃም ብቻ ነው የተጻፈበት። እስከ ዛሬ ድረስ መልስ አልመጣም። በዚህ መካከል አክስቴ ለክርስትና እንደ ገና ወደ አዲስ አበባ ሄደው በዱባይ አለፉ። ከመሄዳቸው በፊት ሦስቱን ፊደላት በትንሽ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ከካርዳቸው ጀርባ አጣብቄላቸው ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያው አንድ ካርቶን ቴምር ሲገዙ ሻጩ ማሽኑን ይዞ ሊጫን ሲል፣ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉትና መስኮቱን ከወረቀቷ ጋር አስተያዩ፤ ጎጆዋን አገኟት። ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ። ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለበት፦ 86 ድርሃም።